የአትላንቲክ ልብስ አሞራ ገደል ሲደርስ

የልብሱን ዋጋ ልናገርና እንገላገል፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 70 ዩሮ። አዲስ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ አንድ የሰርፊንግ ትምህርት ቤት ሲያከራየው ከርሞ፣ ወቅቱ ሲያልቅ አውጥቶ ሲሸጥ ነው የገዛሁት። ጉልበቱ ትንሽ ተፍቋል። ደረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ለቅቋል። ቀለሙ ጥቁር ነው። ተጣጥፎ ጥግ ላይ ሲቀመጥ የከሰል ጆንያ ይመስላል፤ ሲርስ ሸክሙም እንደዚያው ነው።

ዌትሱት ይባላል። በቀዝቃዛ ባሕር ገብቶ ማዕበል ላይ በሰርፍ ቦርድ ለመንሸራተት የሚለበስ ልብስ ነው። ሐዋሳ ቁጭ ብዬ እንዲህ ያለ ዕቃ መገምገሜ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። አገራችን ባሕር የላትም። ከተማችን ያላት ሐይቅ ነው፤ እሱም ለዚህ ልብስ የሚሆን ብርድ የለውም። ግን ደብሊን፣ ኦስሎ፣ አበርዲን ያላችሁ ልጆች «እውነት ያሞቃል ወይ? የትኛውን ልግዛ?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ አንድ በአንድ መመለስ ሰለቸኝ። አንዷማ ጭራሽ ያንቺን ሽጭልኝ ብላኛለች። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈውና ከዚያ ትወስናለች።

ስላይጎ በምትባል ከተማ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። በአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጠርዝ ላይ ናት። ክረምት ስል ደግሞ የእኛን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ አይደለም። የነሱ ክረምት ታኅሣሥና ጥር ነው፤ እኛ ፀሐይ ጠግበን አቧራ የምንቅምበት ወቅት። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። በመሀል ያለውንም ቢሆን ዝናብ ይጋራታል። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ሰው ከቤት ወጥቶ ባሕር ይገባል ሲሉኝ ለቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ ግን ጥሩ ማዕበል የሚመጣው በክረምት ነው። አትላንቲክ መሀል ነፋስ ሲናወጥ የሚነሳው ማዕበል ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ እየተስተካከለና እየተሰለፈ መጥቶ እነሱ ዳርቻ ላይ ይሰበራል። በበጋ ባሕሩ ይተኛል፣ ቱሪስቱ ይመጣል። በክረምት ቱሪስቱ ይሄዳል፣ ባሕሩ ይነሳል።

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት በኪራይ ልብስ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ «አንድ ቀን ብቻ ሞክሪው» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ወሩ ኅዳር ነው። ቦታው ስትራንድሂል፣ ከከተማዋ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከኋላው ኖክናሬ የሚባል 327 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ፤ ጫፉ ላይ ከሩቅ የሚታይ የድንጋይ ክምር ተቀምጧል። የሐዋሳውን ታቦር ተራራ አስታወሰኝና ልቤ ትንሽ ረጋ። ከፊት ግን አትላንቲክ ነው። ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ስላለው እዚያ መዋኘት አደገኛ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ሰዎቹ ግን ቦርዳቸውን በብብታቸው ይዘው እየሳቁ ይገባሉ።

አከራዩ ቁመናዬን አየት አድርጎ አንድ ልብስ ወረወረልኝ። ሰፊ ነበር። ብብቴ ሥር እጅ ያስገባል፣ ወገቤ ላይ ይታጠፋል። እኔ ደግሞ ሰፊ በመሆኑ ደስ አለኝ። እማዬ ስታሳድገኝ «ታድግበታለች» እያለች ነው ሰፋ ያለ የምትገዛልኝ፤ ጠባብ ልብስ ብክነት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ወገቤ ድረስ እስክገባ ደህና ነበርኩ። ከዚያ አንድ ማዕበል መጣ፣ ትከሻዬን መታኝ፣ በአንገቴ ገባ። በጀርባዬ ቁልቁል ሲወርድ እያንዳንዱን የአከርካሪ አጥንት ቆጠርኩት። ተረከዜ ድረስ ሄዶ እዚያው ቀረ። እግሬ የውሃ ባልዲ ሆነ። ትንፋሼ ተቆረጠ፤ አየር መሳብ እንጂ ማስወጣት አቃተኝ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ወጣሁ። ጣቶቼ ግን ገና አልወጡም ነበር፣ የመኪና በር መክፈት አልቻሉም።

ሳምንት ሙሉ ሰርፊንግን ስረግም ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የልብሱ ልክ ነበር።

የሌሊት ተረኛ ስሆን ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። ዌትሱት ውሃ አይከለክልም። ያስገባል። ስሙ ራሱ እርጥብ ልብስ ማለት ነው። የተሠራበት ኒዮፕሪን ስፖንጅ የመሰለ ጎማ ነው፤ ውስጡ በጥቃቅን የጋዝ አረፋ የተሞላ፣ አረፋዎቹም እያንዳንዳቸው የተዘጉ። ብርዱን የሚመክተው ያ አረፋ ነው። በልብሱና በቆዳችሁ መካከል የገባችው ስስ ውሃ በሰውነታችሁ ሙቀት ትሞቅና እዚያው ትቀመጣለች። ሐሳቡን ያመጣው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ሂዩ ብራድነር የሚባል የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ሰው እንዲሞቀው የግድ ደረቅ መሆን የለበትም ነው ያለው። በ1952 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሰርፍ ሱቅ የከፈተው ጃክ ኦኒል ደግሞ ነገሩን የሰርፈኛ ልብስ አድርጎ ለዓለም ሸጠው።

እንግዲህ ልብሱ ሲሰፋ ምን ይሆናል? ያቺ ያሞቃችኋት ውሃ በእያንዳንዱ ማዕበል ተጠርጋ ትወጣለች፣ አዲስ ቀዝቃዛ ትተካለች። ባሕሩን በገዛ ሆዳችሁ ማሞቅ ማለት ነው። ስለዚህ ምክሬን አሁኑኑ ልናገር፤ ከዚህ በታች ያለውን ባታነቡም አልቀየማችሁም። ውፍረት አይታችሁ አትግዙ። ልክ አይታችሁ ግዙ። ብብት ሥር፣ ወገብ ላይ፣ ከጉልበት ጀርባ ባዶ ቦታ መኖር የለበትም። ስትለብሱት «ኧረ ይሄ ነገር ሊገድለኝ ነው» ካላላችሁ ሰፍቷችኋል። ደረታችሁ ሞልቶ መተንፈስ ካልቻላችሁ ደግሞ ጠቧችኋል፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ናት የእናንተ።

የእኔው ምልክቱ ላይ 5/4/3 የሚል አለ። እኔ ይሄን የልብሱ ቁጥር መስሎኝ «ጫማዬ 38 ነው፣ ይሄ የማን ልክ ነው?» ብዬ ሻጩን አሥቄዋለሁ። ሚሊ ሜትር ነው። ደረትና ጀርባው 5፣ እግሩ 4፣ ክንዱ 3። ክንዱ ስስ የሚሆነው ቦርድ ላይ ተኝቶ በእጅ መቅዘፍ ስላለ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ትከሻ ያደክማል። እዚያ ባሕሩ በክረምት ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ነው። ለዚያ 5/4/3፣ ኮፍያ፣ ቡትና ጓንት ተጨምሮበት በቂ ነው። ኖርዌይ ያላችሁ ወደ 6 ሂዱ። ስፌቱንም ገልብጣችሁ እዩት። ተጣብቆ፣ መርፌው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ የተሰፋ መሆን አለበት። መርፌ ዘልቆ ከበሳው በቀዳዳው ሁሉ ውሃ ይገባል።

አለባበሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። እግሬ ተረከዝ ላይ ሲደርስ ይይዛል፣ ስስበው ጎማው ይንጫጫል፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው ወደ ብርዱ የምወርደው። መፍትሔው ፌስታል ነው። አዎ፣ የሱቅ ፌስታል። እግራችሁን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ወደ ልብሱ ስትሰዱት ሽው ብሎ ይገባል። ከዚያ ፌስታሉን አውልቃችሁ ወደ ሁለተኛው እግር፣ ከዚያ ወደ እጅ። ሲስቡት ደግሞ በጣት ሥጋ እንጂ በጥፍር አይሆንም። ጥፍር ኒዮፕሪንን እንደ ምላጭ ይሰነጥቀዋል፤ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቁስል ይተዋል። ይሄን የተማርኩት በራሴ ጥፍር ነው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ኮፍያው ላይ ለሐበሻ ሴቶች የምለው አለ። በጎፈሬ አይገባም። ሞክሬዋለሁ፤ ዓይኔ ወደ ላይ ተስቦ ሌላ ሰው መሰልኩ፣ ጠርዙም ስለማይገጥም በግንባር በኩል ውሃ ያስገባል። ሹሩባ ተሠርታችሁ፣ ወደ ኋላ ጠፍጠፍ ብሎ ሲተኛ ነው ልክ የሚሆነው። እኔ ክረምቱን ሙሉ በሹሩባ ነው የከረምኩት። የጨው ውሃው ደግሞ ፀጉር ያደርቃል፤ ከመግባቴ በፊት ቅባት እቀባለሁ፣ ኮፍያው ይረክሳል፣ ይረክስ።

በልኬ ባገኘሁት በዚህ ልብስ የገባሁበትን አንድ ጠዋት ልንገራችሁ። ጥር ነው፣ ከገና ሁለት ሳምንት በኋላ። አየሩ 4 ዲግሪ። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ሳልተኛ ነው የሄድነው። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው፤ ማዕበሉን ፊት ለፊት ደግፎ ስለሚያቆመው እነሱ ይሄን ነፋስ ይወዱታል። ስንገባ ውሃው በዚፑ ጠርዝ ሾልኮ አንዲት ቀጭን መስመር ሠራና ቆመ። ጠበቅኩ። አልጨመረም። አንድ ሁለት ደቂቃ ትንፋሼን ብቻ ነበር የምቆጣጠረው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አደገኛዋ ያቺ ጊዜ ናት፣ ሰውነት ደንግጦ ያለ ፈቃድ አየር ያስጎነጫል። ከዚያ ለቀቀኝ። ጀርባዬ ላይ የነበረችው መስመር ለብ አለች።

በዚህ መሀል በረዶ መጣል ጀመረ። ጠጠሩ ነው፣ ብናኙ አይደለም። ኮፍያዬ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተኝቼ ዝናብ የምሰማ አስመሰለኝ። ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር፣ የልጅነት አልጋዬ ላይ። ባሕሩ ወለል ላይ እያንዳንዱ ጠጠር ትንሽ ቀዳዳ እየሠራ ይጠፋል። ከሰውነቴ ለአየር የተጋለጠው ፊቴ ብቻ ነው፤ እሱ ይነድዳል። ሌላው አካሌ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ማዕበል ከኋላ መጣ፤ ባልደረባዬ «ቅዘፊ!» አለችኝ፣ ቀዘፍኩ፣ ቦርዱ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። የተሰበረ ነጭ ውሃ ነው፣ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። አራት ሰከንድ ብቆም ነው። ከዚያ በአፍንጫዬ ተተከልኩ። ከሥር ስወጣ ግንባሬን የሆነ ነገር ቆነጠጠው፤ ቀዝቃዛ ነገር ቶሎ ቶሎ ሲጠጡ እንደሚያደርገው፣ ግን አሥር እጥፍ። ሃምሳ ደቂቃ ቆየሁ። ያ ልብስ ያን ቀን የ70 ዩሮ ልብስ አልነበረም።

ቡቱ 5 ሚሊ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ጓንቱ ግን ደካማ ነው። ስፌቱ በአውራ ጣት በኩል ለቆ ሁለተኛው ወር ላይ ጣለኝ። ጓንት ላይ አትቆጥቡ።

ብርዱ የሚጠብቃችሁ ከወጣችሁ በኋላ ነው፤ ይሄን ማንም አልነገረኝም። ከውሃ ወጥታችሁ ልብሱን ስታወልቁ፣ ነፋሱ ያገኛችኋል። ሰውነት ከወጣ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መቀዝቀዙን ይቀጥላል። የነሱ ሰዎች ለዚህ የሚሆን ካባ የመሰለ ወፍራም ልብስ አላቸው፤ ዋጋው ከዌትሱቴ ይበልጣል። እኔ እማዬ የላከችልኝን ጋቢ ወሰድኩ። አራቱን እጥፍ ተከናንቤ ውስጥ ውስጡን እቀይራለሁ። አንዲት አሮጊት ውሻቸውን ይዘው ሲያልፉ ጨርቁን በእጃቸው ዳስሰው የት ነው የሚሸጠው ብለው ጠይቀውኛል። ጋቢ አንድ ድክመት አለው፤ ከራሰ ለሦስት ቀን አይደርቅም። ሳፋም ያስፈልጋል። ሳፋው ውስጥ ቆማችሁ ስታወልቁ ልብሱ አሸዋ አይነካም፣ በዚያው ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ። እና ፔርሙዝ። ቅርንፉድና ዝንጅብል ያለበት ሻይ። ባልደረባዬ ለሰርፊንግ ነው ለሻዬ ነው የምትመጣው ብዬ የጠረጠርኩበት ጊዜ አለ።

ትልቁን ማዕበል አይቼዋለሁ እንጂ አልነካሁትም። ሙላክሞር የሚባል ቦታ አለ፣ ከስላይጎ ወደ ሰሜን። እዚያ በክረምት የሚነሳው የቤት ፎቅ ያህላል፤ ሰርፈኞቹ በጄት ስኪ እየተጎተቱ ነው የሚገቡበት። እኛ መኪና ውስጥ ሆነን በመስታወት ነው ያየነው። አለቱ ላይ ሲሰበር የመኪናው ወለል ይነዝራል።

ወደ ሐዋሳ ልምጣ።

ልብሱን ይዤ ስመለስ ሻንጣዬ ላይ ከነቡቱ ወደ ሦስት ኪሎ በላብኝ። ቦሌ ላይ ፈታሹ አወጣና በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። «ምንድን ነው?» «የዋና ልብስ ነው።» ዞር ዞር አድርጎ አየው። «የዋና ይሄ ከሆነ የብርዱ ምን ሊመስል ነው?» አለ። እውነቱን ነው፣ የብርዱ ነው አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ቤት እንደደረስኩ አጥቤ ግቢያችን ያለው ዘይቱን ላይ ሰቀልኩት። ለባብሶ የተንጠለጠለ ሰው ነው የሚመስለው፤ እኔ ለምጄው ስለነበር አላሰብኩትም። ንጋት ላይ የጎረቤታችን የእትዬ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። ለጸሎት ሊወጡ አጥር አጥሩን ሲያልፉ አይተውት «ኡኡ! ሰው ተሰቅሏል!» ብለው ሰፈሩን ቀሰቀሱት። እማዬ በነጠላዋ ወጥታ «እትዬ፣ ልብስ ነው፣ የልጅቷ ልብስ ነው» እያለች ስታረጋጋ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ወዲህ እትዬ እኔን ሲያዩ ያማትባሉ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ፀሐይ ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ገልብጦ ጥላ ላይ ማድረቅ። ፀሐይ ኒዮፕሪንን ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል። ስላይጎ ውስጥ ፀሐይ ችግር ሆና ስለማታውቅ ነገሩን ረስቼዋለሁ። የሐዋሳ የጥር ፀሐይ ሦስት ቀን ጠበሰችው። ትከሻው ላይ ቋንጣ መሰለ። እሱን በግድ ስስብ ነው ጥፍሬ ጭኑ ላይ የሰነጠቀው።

ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። ጎማ አይደል? ልጁ በአድናቆት አገላብጦ አየው፣ እንደ ባጃጅ ከመነዳሪ ልጣፍ ለጠፈበት። ለሁለት ቀን ያዘ። ልብሱ ይለጠጣል፣ ልጣፉ አይለጠጥም፤ በጠርዙ ተነስቶ ወደቀ። ቀጥሎ ፒያሳ በኩል የሚቀመጡ አንድ ጫማ ሰፊ ጋር ሄድኩ። ጋሼ አልቸኮሉም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስንጥቁን ከፈት ዘጋ አደረጉት፣ በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱት። «ልጄ፣ ይሄ ልጣፍ አይፈልግም። ማስቲሽ ነው የሚፈልገው» አሉ። ሁለቱን ከንፈር በስሱ ቀቡ፣ እፍ እፍ አሉበት፣ እስኪደርቅ ጠበቁ፣ ደገሙት፣ ከዚያ ገጥመው ጨመቁት። እኔ ገና እርጥብ ሆኖ የሚጣበቅ ነበር የመሰለኝ። ኋላ ሳነብ አየርላንድም የሚጠግኑት በዚሁ መንገድ ነው። ኒዮፕሪን ፖሊክሎሮፕሪን የሚባል ጎማ ነው፤ ብዙው የጫማ ማስቲሽም ከዚያው ዘር ነው። ጋሼ ይሄን በአፍንጫቸው ደረሱበት። 80 ብር። እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። በዚህ ግምገማ ውስጥ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለእሳቸው ነው።

ከዚያ ሐይቁ ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ሐይቃችን ቢልሃርዝያ አለበት፤ ትሉን የሚያራቡት ቀንድ አውጣዎች ዳር ዳሩን፣ ሳሩ ውስጥ ናቸው። ዌትሱት ውሃ ስለሚያስገባ ከዚህ አያድንም። ጉማሬም አለ፣ እሱን ምንም ልብስ አይመክተውም። ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ አንድ የማውቀው ጀልባ ቀዛፊ ይዞኝ ከዳር ራቅ አልን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ውሃው መስታወት ነው። ገባሁ። አልሰጠምኩም፤ አረፋው ስለሚያንሳፍፍ እንደ ባዶ ጀሪካን ነው የቆምኩት። ደስ ይላል። አምስት ደቂቃ ደስ አለኝ። በአሥር ደቂቃ ፊቴ ቀላ፣ በሩብ ሰዓት ገንፎ ሆንኩ። ሐይቃችን ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ 5 ሚሊ ልብስ ለብሶ መግባት በጋቢ ተጠቅልሎ ሳውና ቤት እንደመተኛት ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ እንደሚናወጥ ታውቃላችሁ። ያንንም ጠብቄ ሞከርኩ፤ ቦርድ ስለሌለኝ በሰውነቴ። ማዕበሉ አጭርና የተደናገረ ነው፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር በምትሆን ሐይቅ ላይ ነፋሱ መንደርደሪያ የለውም። ቀዛፊው ይሄን ሁሉ ዝም ብሎ ካየ በኋላ ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ እዚያ አገር ሰዎቹ ማዕበል ሲመጣ ነው የሚገቡት?»

«አዎ።»

«እኛ ማዕበል ሲመጣ ነው የምንወጣው» አለና መቅዘፉን ቀጠለ።

አሞራ ገደል በኩል ነው የወጣነው። ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሼ፣ ኮፍያዬ እንዳለ፣ ከጀልባ ስወርድ ዓሣ የሚገፍፉት ልጆች ቢላቸውን አቁመው አዩኝ። አጠገባቸው የዓሣ አንጀት የሚጠብቁ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈዋል። አንዱ ልጅ ወደ እነሱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየና «ይቺኛዋ ደግሞ ከየት መጣች!» አለ። እስካሁን እዚያ ስሄድ አባ ኮዳ ነው የሚሉኝ።

ልሸጠው የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። ግን ሐምሌ ላይ ቀዛፊው መጣ። ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ አድሮ ንጋት ላይ መረብ ሲነሳ፣ መረቡ ሥር ሲይዘው ውሃ ውስጥ ገብቶ ማላቀቅ አለ፤ ከዚያ በራሰ ልብስ ጀልባ ላይ ነፋስ ይመታል። «ያን ጥቁሩን ልብስ ታውሺኛለሽ?» አለኝ። የሴት 10 ቁጥር ነው፣ እሱ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ከማጠሩ በቀር ልክክ አለ። ፌስታሉንም አሳየሁት።

በሳምንቱ ግምገማውን ነገረኝ፤ ከእኔ ይልቅ የሱን እመኑ። ሙቀቱ አንደኛ ነው። ጀልባ ላይ ሲቀመጡ ግን ከጉልበት ጀርባ ይቆነጥጣል። ዚፑ ከኋላ ስለሆነ ያለ ሰው አይዘጋም፤ ሁለት ሰው ያልያዘ ጀልባ አይልበሰው። ሌላው ደግሞ አለና ወደ መሬት አየ። «ሽንት ሲመጣ ምን ይደረጋል?» እዚያ አገር ሰዎቹ ውስጡ ነው የሚለቁት፣ እንዲያውም ያሞቃል ይላሉ፣ ኋላ ይታጠባል አልኩት። ደነገጠ። «በሰው ልብስ ላይ?» አለ። ቀኑን ሙሉ ይዞት ነበር ማለት ነው።

ነጥብ ካስፈለጋችሁ፦ ለስላይጎ ክረምት ከአሥር ዘጠኝ፣ አንዷን ያጎደለው ዚፑ ነው፤ አሁን የምገዛ ብሆን ደረት ላይ የሚዘጋውን ነው የምመርጠው፣ በአንገት ብዙ ውሃ አያስገባም። ለሐዋሳ ሐይቅ ዋና ከአሥር ሁለት። ለሐምሌ ንጋት መረብ ከአሥር ሰባት፣ ሽንቱን ሳይጨምር።

ልብሱ ባለፈው ቅዳሜ ተመለሰልኝ። የዚፑ መሳቢያ ተበጥሶ ነበር፤ በመረብ ገመድ ሸርቦ አዲስ ሠርቶለታል፣ ከፋብሪካው ይሻላል። ክንዱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል። ሁለት ጊዜ ዘፍዝፌ አጠብኩት፣ ጥላ ላይ፣ ከእትዬ ዓይን ራቅ አድርጌ ከጓሮ ሰቀልኩት። ሽጭልኝ ያልሽኝ የደብሊኗ እህቴ፣ ልኩ ላንቺ ይሆናል፣ 40 ዩሮ ይበቃኛል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታል። እሱም በሚቀጥለው ሳምንት ድጋሚ እፈልገዋለሁ ብሏል፤ ቶሎ ደውይልኝ።